ለእናቴ ጉልበት የተመረጠ መኪና

ጥር 2011 ዓ.ም. ጥምቀትን ጎንደር ለማክበር ስናቅድ ያሳሰበን መንገዱ ሳይሆን ማደሪያው ነበር። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ያለው ርቀት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት የተነሣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ነገር ግን በበዓሉ ሰሞን ከተማው በእንግዳ ስለሚጨናነቅ፣ ስድስት ሰው የሚያሳድር፣ ያውም ጉልበቷን የሚያማት የ74 ዓመት እናቴ ደረጃ ሳትወጣ የምትገባበት ክፍል በቀላሉ አይገኝም። ለበዓሉ ከጀርመን የመጣችው ታናሽ እህቴ ነገሩን ሰምታ «ታዲያ መኝታችንን ይዘን ብንሄድስ?» አለች።

እሷ በምትኖርበት አገር ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውኃ ታንክና መጸዳጃ የተገጠመለት፣ እነሱ ቮንሞቢል የሚሉት መኪና ይሸጣል፣ ይከራያልም። ሆኖም አንድ ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር «ለስድስት ሰው» ተብሎ የተከራዩት መኪና ስድስት መኝታ ሲኖረው ቀበቶ ያለው መቀመጫው ግን አራት ብቻ ሆኖ በመገኘቱ ሁለቱ በባቡር ሊከተሏቸው ተገድደዋል። ክብደቱም ሌላ ራስ ምታት ነበር፤ በዚያ አገር በተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ የሚነዳው እስከ 3,500 ኪሎ ድረስ ስለሆነ፣ 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ እንደሚመዝን ያላሰበ ቤተሰብ ሻንጣውን ጭኖ ሳይጨርስ ገደቡ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ እህቴ መኪና ስታይ አልጋ አትቆጥርም፤ ቀበቶ ትቆጥራለች።

ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና የሚያከራይ ሰው ስላላገኘን ምርጫችን መናኸሪያ ውስጥ በምናውቃቸው ሦስት ዓይነቶች መካከል ሆነ። እኔ መጀመሪያ ልቤ ወደ አባዱላ ሚኒባስ አዘንብሎ ነበር፤ መለዋወጫው በየከተማው ይገኛል፣ ጠባብ መንገድም አይከለክለውም። ይሁን እንጂ ውስጡ ቀጥ ብሎ መቆም ስለማይቻል፣ ሌሊት መውጣት የፈለገ ሰው በተኙት ላይ እየዳኸ ማለፍ ይኖርበታል። ቅጥቅጥ የሚባለው አውቶቡስ ሰፊ ነው፤ ግን በኢሱዙ ጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራ በመሆኑ ባሌስትራው ጭነት እንጂ ሰው አያውቅም፣ ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የመጀመሪያውን መርገጫ አየችውና «ይሄማ ጣራ ላይ መውጣት ነው» ብላ ተመለሰች። ክርክሩ በዚያው ተቋጨ።

የቀረው ኮስተር የሚባለው መለስተኛ አውቶቡስ ነበር። ረጅም ሰው ውስጡ ቆሞ ይሄዳል፣ መስኮቶቹ እየተንሸራተቱ ይከፈታሉ፣ በሩም ወደ መሬት የቀረበ ነው። መጀመሪያ ያየነው ኮስተር ወንበሮቹ ላይ ቀበቶ ስላልነበረው እህቴ ዋጋውን እንኳ ሳትጠይቅ ወረደች። ሁለተኛው ቀበቶ ነበረው። ባለንብረቱ ራሱ የሚነዳው አንድ ትልቅ ሰው ሲሆን፣ የኋላዎቹን ሦስት ረድፎች ቡሎናቸውን ፈትተን ወንበሮቹን ግቢው ውስጥ እንድናስቀምጥ ፈቀደልን። በቦታው አናጺ የእንጨት ርብራብ ሠራ፤ ከላይ ፍራሽ፣ ከሥር ዕቃ ይገባል። እናቴ እንድትሞክረው ስንጠይቃት ሦስት ጊዜ ወጥታ ወረደች፤ በሦስተኛው ጊዜ ጉልበቷን ይዛ ዝም አለች። አናጺው ነገሩ ገብቶት ከተረፈው ጣውላ ዱካ የምታህል፣ ስንሄድ ከወንበር ሥር የምትገባ መርገጫ ሠራላት። በእኔ ግምት ከዝግጅቱ ሁሉ ገንዘባችን በትክክል የዋለው በዚያች ጣውላ ላይ ነው።

እህቴ ያለ ሙከራ አንሄድም ስላለች የመጀመሪያውን ሌሊት ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ የመዝናኛ ግቢ ውስጥ አሳለፍን። እኔ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ወገን፣ ሣሩ ላይ እንድንቆም ፈልጌ ነበር፤ ሹፌሩ ግን «ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ከሱ ጋር ቦታ አንሻማም» ብሎ ከለከለኝ። የቆምንበት መሬት ለዓይን ደልዳላ ቢመስልም እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ወደ በሩ ስትንሸራተት አደረች። ጠዋት ሹፌሩ በብርጭቆ ግማሽ ውኃ ሞልቶ ርብራቡ ላይ አስቀመጠና ውኃው በየት በኩል እንዳጋደለ አሳየን፤ ከዚያ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከፊት ጎማው ሥር አስገብቶ መኪናውን ሲያወጣው ውኃው ተስተካከለ። ከዚያ ወዲያ በቆምንበት ሁሉ ከፍራሽ በፊት የሚወጣው ያ ብርጭቆ ሆነ።

ሌላው ያላሰብነው ትንፋሽ ነበር። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የጥር ሌሊት ይበርዳል፤ ብርዱን ፈርተን መስኮቱን ሁሉ ስንዘጋ ሌሊት ላይ መስተዋቱ አልቦ ጠብታው ልጆቹ ፊት ላይ ይወርድ ጀመር። ስንከፍተው ደግሞ ትንኝ ገባ፤ የወባ አገር ነውና ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ባለቤቴ በማግሥቱ አንድ አሮጌ አጎበር በየመስኮቱ ልክ ቆርጣ ጠርዙን በማግኔት ከብረቱ ጋር አጣበቀችው። በዚያው ሌሊት ትልቁ የሒሳብ ስሕተታችንም ታወቀ። ስድስት ነን ብለን ስድስት መኝታ ስናዘጋጅ ሹፌሩን ማንም አልቆጠረውም። «ለእኔ አታስቡ፣ ሹፌር ከመሪው ርቆ አይተኛም» ብሎ የፊት ወንበር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቢያድርም፣ እኔ ግን በማግሥቱ ዓይኑን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ያለ በቂ እንቅልፍ ሰባት ነፍስ የሚነዳው እሱ ነበርና ልጄ ቦታውን ለቆለት መተላለፊያው ላይ ተነጠፈለት።

ውኃውን ጣራ ላይ በትንሽ ሮቶ ልንጭን አስበን ነበር። ሹፌሩ በየኩርባው መኪናውን እንደሚያወዛውዘው ነግሮን አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከርብራቡ ሥር፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ ደረደርን። ከሐይቁ ግን አንቀዳም፤ ጣና ዳር ብልሃርዝያ አለ፣ ልጆቹም እግራቸውን እንዳይነክሩ ተነግሯቸዋል። እህቴ ያወጣችው አንድ ሕግ ግን ከእናቴ ጋር አጋጫት፦ ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም፣ የጋመም ቢሆን። እናቴ «ነፋሱ እኮ እሳቱን አጠፋው፣ በሩን ከፍቼ ላፍላ» ብትልም፣ ጭስ የሌለው የሚመስለው ፍም በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል እሷም ታውቃለች፤ አኩርፋ ቡናዋን ውጭ፣ በመኪናው ጥላ ሥር አፈላች።

ጥር 9 ተነሣን። ሐሙሲትን አልፈን ፎገራ ሜዳ ስንደርስ ሩዙ ታጭዶ ከብቱ ገለባው ላይ ተሰማርቶ ነበር። እህቴ በልጅነታችን የምናውቀውን የሐይቁን ዳርቻ እምቦጭ የሚባለው አረም እንደወረሰው ስትሰማ ካሜራዋን መልሳ ከተተች። በመንገዱ ላይ የሚመሰገነው የመቀመጫ ምርጫችን ነው፤ እናቴ ከሹፌሩ ኋላ ባለው የመጀመሪያ ረድፍ እግሯን ዘርግታ፣ መኪና የሚያዞራት ልጄ ከፊት አስፋልቱን እያየች፣ ወረታ ላይ ሻይ ከመጠጣት በቀር ሳንቆም ጎንደር ገባን። ስለ ጥምቀቱ ብዙ ስለተጻፈ እኔ አልደግመውም፤ ሕዝቡ በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ሌሊቱን ሲያድር እናቴ ከቅዳሴው መልስ ሁለት ሰዓት ያህል አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ለመመለስ መቻሏን ግን ሳልጽፍ አላልፍም።

በመመለሻችን ወደ ጎርጎራ ታጠፍን፤ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን፣ የሣር ክዳኗንና የግድግዳ ሥዕሎቿን አይተን ከውኃው በላይ ቆምን። ብርጭቆው ወጣ፣ ድንጋዩ ገባ፣ አጎበሩ ተለጠፈ። ጎሕ ሲቀድ አንድ ዓሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው ቆሮሶ ይዞልን መጣ፤ እናቴ እርምጃዋ ሳይደናቀፍ በመርገጫዋ ወርዳ፣ ነፋሱ ነጠላዋን እንዳይወስድባት ተከልላ ዋጋ ስትከራከር መስኮቱ ውስጥ ሆኜ አየኋት።

ባሕር ዳር ተመልሰን ወንበሮቹን ስንገጥም ሹፌሩ መርገጫዋን ለተሳፋሪዎቹ እንድንተውለት ጠየቀ፤ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር ትሆናለች አለ። ልሰጠው ዘወር ስል እናቴ በነጠላዋ ሸፍና ብብቷ ሥር ይዛታለች። «ለእሱ ሌላ አሠራለት» አለችኝ። አሠራሁለት።