ደረጃ 1 ይቀላል ብዬ

በ2010 ዓ.ም. መግቢያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ለአሜሪካ ኮሌጆች ሳመለክት፣ ከዋናው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከኤስኤቲ ሌላ የትምህርት ዓይነት ፈተናዎችም ይጠብቁኝ ነበር። ሒሳቡ ሁለት ነበር፤ ደረጃ 1 እና ደረጃ 2። ሁለቱም 50 ጥያቄ፣ ሁለቱም 60 ደቂቃ፣ ሁለቱም ከ800 የሚታረሙ። ብዙም ሳላስብ ለደረጃ 1 ተመዘገብኩ። የሚቀለው እያለ የሚከብደውን መምረጥ እብሪት መስሎ ታየኝ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውላ «የምታመለክትባቸው ትምህርት ቤቶች የትኛውን እንደሚፈልጉ አይተሃል?» ባትለኝ ኖሮ በዚያው እቀር ነበር። አላየሁም። ሳየው ካልቴክና ሃርቪ ማድ ደረጃ 2ን በግዴታ ይጠይቁ ነበር። ኤምአይቲ ግን በዚያን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ይበቃው ነበር፤ ይህችን ይዤ ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ሰነፍኩ።

በመጨረሻ በሁለት ተከታታይ ቅዳሜዎች፣ የአባቴን ሰዓት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁለቱንም የመለማመጃ ፈተናዎች ሠራሁ። በደረጃ 1 አርባ አምስቱን አገኘሁ፤ አምስቱን ሳትኩ። በደረጃ 2 ያገኘሁት አርባ ብቻ ነው፤ አራት ስቼ ስድስቱን ባዶ ተውኩ። የስህተቱ ቅጣት ተቀንሶ የሚቀረውን ጥሬ ነጥብ ከ800 ወደሚታረመው ውጤት የሚቀይረውን ሠንጠረዥ ስመለከት የደረጃ 1 ውጤቴ 740፣ የደረጃ 2 ደግሞ 760 ሆኖ አረፈው። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በደረጃ 2 ጥሬ ነጥቡ 43 ወይም 44 ገደማ ከደረሰ 800 ይሰጥ ነበር፤ በደረጃ 1 ግን አንድ ሁለት ስህተት ብቻ ከ800 ያወርድ ነበር። ቀላሉ ፈተና ስህተትን የማይምር ሆኖ ተገኘ።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ደረጃ 1 ላይ የጣሉኝ ጥያቄዎች ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ተምሬ የረሳኋቸው የጂኦሜትሪ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ክብ ውስጥ የተሣለ ሦስት ማዕዘንና የመሳሰሉት። ደረጃ 2 የሚጠይቀው ትሪጎኖሜትሪ፣ ቬክተር፣ ማትሪክስና ኮምፕሌክስ ቁጥር ግን አምና በአሥራ አንደኛ ክፍል የተማርነው፣ ገና ያልበረደ ነገር ነው። የእኛ ሥርዓተ ትምህርት ለካ ያዘጋጀኝ ለከባዱ ነበር።

ያላዘጋጀኝ ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ባዶ መተው። በአገራችን ፈተና ደቂቃው ሲያልቅ ቀሪውን በጅምላ ማጥቆር የታወቀ ነው፤ እዚያ ግን እያንዳንዱ ስህተት ሩብ ነጥብ ይቀንስ ነበር። አምስት ምርጫ ስላለ በጭፍን መገመት በአማካይ ምንም አያተርፍም፤ ሁለት ምርጫ መሰረዝ ከቻልኩ ብቻ እንድገምት እጄን ለማስለመድ ወር ፈጀብኝ። ሁለተኛው ካልኩሌተር። በማትሪክ ስለማይፈቀድ ካሬ ሥሩን በእጃችን ስናወጣ ያደግን ልጆች ነን። ግራፍ የሚሥል ቲአይ-84 ከጎረቤት ተዋስኩና በመጀመሪያው ቀን የ2ን ሳይን ስጫን 0.0349 አለኝ። ከመልሶቹ ጋር የሚገጥም አጣሁ። ለካ ማሽኑ ያለው በዲግሪ ነው፤ በሌላው የማዕዘን መለኪያ፣ በራዲያን፣ 0.909 ነበር። ደረጃ 1 ዲግሪ ብቻ ስለሚጠቀም ይህ ወጥመድ አልነበረበትም። በወረቀት ቁራጭ «ራዲያን?» ብዬ ጽፌ ካልኩሌተሩ ጀርባ ላይ ለጠፍኩ፤ ለፈተናው ቀን ግን ቁራጩን ላጥኩት፤ ኩረጃ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ።

ምዝገባዬ አሁንም ደረጃ 1 ላይ ነበር። ማስተካከል እንደማያስፈልግ የነገረችኝ ያችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ የጥያቄው ደብተር ሁሉንም የትምህርት ዓይነት ስለሚይዝ እዚያው ገጹን መቀየር ይቻል ነበር። በኅዳር ፈተናው ክፍል ገብቼ የደረጃ 2ን ገጽ ስገልጥ ግን የሰረቅሁ ያህል እጄ ተንቀጠቀጠ።

ውጤቱ 780 ሆነ። አባቴ ወረቀቱን ሲያነብ ከጎኑ ከመቶ ተፈታኞች ስንቱን እንደበለጥኩ የሚያሳየውን ቁጥር አየ፤ ሰባዎቹ ውስጥ ነው። ደረጃ 2ን የሚወስዱት ጎበዞቹ ስለሆኑ 800 ያመጣ እንኳ ሰማንያ ገደማ ላይ እንደሚቆም ላስረዳው ሞከርኩ። «እና ከመቶ ሃያ ምናምኑ በልጠውሃል ማለት ነው?» አለኝ።

የትምህርት ዓይነት ፈተናዎቹ መሰረዛቸው በ2013 የጥምቀት ዕለት ሲታወጅ ዜናውን ቀድሞ የነገረኝ እሱ ነው። ወረቀቱን ግን እስከ ዛሬ አልጣለውም።