ጣት ሲነካካ ካሜራው ምን ያያል

ፓርኪንሰን የሚባለው የአንጎል ሕመም ሲነሳ የሁሉም ሰው ዓይን የሚሄደው ወደ መንቀጥቀጡ ነው። ስልኩን ያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚቀርጸውም የሚንዘፈዘፈውን እጅ ነው። የሕመምተኛውን ለውጥ በስልክ ቪዲዮ ከወር ወር ለመከታተል ከሆነ ግን እኔ መንቀጥቀጡን በሁለተኛ ደረጃ ነው የማስቀምጠው። ሰው ሲያየው ይብሳል፣ ሲናደዱ ይብሳል፣ ዛሬ ጠፍቶ ነገ ይመጣል። የእንቅስቃሴ መዘግየትና መጥበብ ግን ለካሜራ የተመቸ ነው፤ የሕመሙ ዋና መድኃኒት ሌቮዶፓ መሥራት አለመሥራቱንም ከመንቀጥቀጡ ይልቅ እሱ በግልጽ ያሳያል።

ፈተናው አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን በተቻለ ፍጥነትና በተቻለ ስፋት ማነካካት ነው። የነርቭ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታደሰው መመዘኛ፣ ኤምዲኤስ-ዩፒዲአርኤስ፣ 10 ጊዜ አስነካክቶ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ያሰጣል። የሚታዩት ፍጥነቱ፣ መቆራረጡና የጣቶቹ መክፈቻ መጥበብ የጀመረበት ቦታ ናቸው። ወደ 10ኛው ሲጠጋ ከጠበበ 1፣ መሃል ላይ ከሆነ 2፣ ከመጀመሪያው ንክኪ ወዲያ ከሆነ 3 ነው። በ1ና በ2 መካከል ሁለት ሐኪሞች ሊለያዩ ይችላሉ፤ ካሜራ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ለካሜራ ግን 10 ጊዜ ያንሳል፤ ፈጣን ሰው በሦስት ሰከንድ ይጨርሰዋል። 15 ሰከንድ ቅረጹ፣ እያንዳንዱን እጅ ለየብቻ።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ሳይሆን አቀራረጹ ነው። አንድ ሰው ጣቱን 10 ሴንቲሜትር እየከፈተ በሰከንድ 5 ጊዜ ካነካካ፣ ጣቱ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ይጓዛል። የካሜራው መዝጊያ 1/30 ሰከንድ ክፍት ከቆየ በአንዱ ምስል ላይ ጣቱ ከ3 ሴንቲሜትር በላይ የተሳበ ደመና ሆኖ ይወጣል። 1/250 ላይ ግን 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በሰከንድ 30 ምስል ብትቀርጹ ለአንድ ንክኪ 6 ምስል ይደርሰዋል፤ ጣቱ በሰፊው የተከፈተበት ቅጽበት በሁለት ምስሎች መካከል ያመልጣል። 60 ይሻላል፤ ከዚያ በላይ የግድ አይደለም።

መዝጊያው ሲፈጥን ብርሃን ይጠፋል። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲከብድ ክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃን አይበቃም፣ መብራት ማብራትም ሌላ ጣጣ አለው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ 1/250 ላይ ምስሉን ጥቁር መስመር ያቋርጠዋል። እንግዲህ ወይ አምፖሉን አጥፍቶ እጁን ወደ መስኮት ማዞር ነው (ካሜራው መስኮቱን ከኋላው ያድርግ፣ ሕመምተኛው መስኮቱን ከኋላው ካደረገ እጁ ጥላ ብቻ ይሆናል)፣ ወይ 1/100 ላይ አድርጎ ትንሽ ድብዝዝታ መቀበል። ነጭ ግድግዳም አይመከርም። ካሜራው ግድግዳውን አይቶ ብርሃኑን ሲቀንስ ጠይም እጅ ይጨልማል። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ጨርቅ ከኋላ ዘርጉ፣ እጁን ስክሪኑ ላይ ተጭናችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ፣ ምስል ማረጋጊያውንና የፊት ማሳመሪያውን አጥፉ። ኦፕን ካሜራ የሚባለው የአንድሮይድ መተግበሪያ አብዛኛውን በእጅ ለማስተካከል ያስችላል።

ስልኩ በማቆሚያ ላይ፣ በክርን ከፍታ፣ እጁ የምስሉን ሢሶ ያህል እስኪሞላ ቀርቦ ይቁም። ክርኑ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ይህን ማንም ይዘልለዋል፤ ነገር ግን የሐሰት መጥበብ የሚመጣው ከዚህ ነው። እጅ ሲደክም ይዞራል፤ ከካሜራው ፊት 40 ዲግሪ ዞር ካለ መክፈቻው በምስሉ ላይ 23 በመቶ ያነሰ ይመስላል። በሽታው ባሰ ተብሎ ይጻፋል፣ የተንቀሳቀሰው ግን አንጓው ነው። ቪዲዮውን በዓይን ሳያዩ ቁጥሩን ማመን አይገባም።

ለልኬቱ ሚዲያፓይፕ የሚባለው፣ በቪዲዮ ላይ እጅን የሚከታተል ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። በእጅ ላይ 21 ነጥብ ያስቀምጣል፦ 0 አንጓ፣ 4 የአውራ ጣት ጫፍ፣ 8 የሌባ ጣት ጫፍ፣ 9 የመሃል ጣት ሥር። በ4ና በ8 መካከል ያለውን ርቀት ከ0 እስከ 9 ባለው ርዝመት ማካፈል ነው፤ ያኔ እጁ ለካሜራው ቢቀርብም ቢርቅም ልኩ አይዛባም። ነጥቦቹ ከ0 እስከ 1 ባለው ልክ ስለሚሰጡ ርቀት ከማስላታችሁ በፊት አግድሙን በምስሉ ወርድ፣ ቁመቱን በምስሉ ከፍታ አባዙ። ይህ ከተረሳ በ1920 በ1080 ቪዲዮ ላይ ወደ ላይ የተከፈተ ጣት ወደ ጎን ከተከፈተው 1.8 እጥፍ ያህል ተለቅ ብሎ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ስህተት ብሎ አይጮህም። ጣቶቹ ሲገጥሙ አንዱ ሌላውን ስለሚሸፍን የአውራ ጣቱ ነጥብ መዝለሉም የተለመደ ነው። ስለዚህ ጣቶቹ የተከፈቱበትን ስፋት እንጂ የገጠሙበትን ቅጽበት አትለኩ።

ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መክፈቻዎች አማካይ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ጋር አወዳድሩ። ለምሳሌ ከ0.9 ወደ 0.5 ከወረደ 44 በመቶ ጠቧል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ጥሩ የሚሆነው ከራሱ ከሰውዬው ያለፈ ወር ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር አይደለም።

ጊዜን በተመለከተ ስልኩን አትመኑት። ብርሃን ሲያንስ ብዙ ስልኮች ሳይናገሩ የምስሉን ብዛት ይቀንሳሉ። 30 ነው ብላችሁ ያሰላችሁት 24 ሆኖ ከተገኘ፣ በሰከንድ 4 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ እጅ 5 ጊዜ ሆኖ ይነበባል። የእያንዳንዱን ምስል ሰዓት ከፋይሉ ኤፍኤፍፕሮብ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ማውጣት ይቻላል።

መንቀጥቀጡን መለካት ካስፈለገ ደግሞ መቀመጫው ወሳኝ ነው። የጅማ በርጩማ ውብ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። መመዘኛው የሚፈልገው እጅ በወንበር እጀታ ላይ አርፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ለ10 ሰከንድ ምንም ሳይታዘዝ የሚቀመጥ ሰው ነው። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ ስለሚያሳርፍ የእግሩ መንቀጥቀጥ እጁ ላይ ይቆጠራል። ከወንበር የመነሳቱ ፈተናም ቀጥ ያለ መደገፊያና እጀታ ባለው ወንበር፣ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ ነው። መንቀጥቀጡ ካልወጣ ወራቱን ከጳጉሜን ወደ ኋላ ያስቆጥሯቸው፤ አእምሮ ሲያዝ ይወጣል። የፓርኪንሰን የዕረፍት መንቀጥቀጥ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ነው። ከ8 እስከ 12 የሚል ካገኛችሁ መጀመሪያ ቡናና ጫት ጠይቁ፤ ጤነኛ እጅም በዚህ ልክ በጥቂቱ ይርገበገባል፣ ቡና ደግሞ ያጎላዋል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ሃሎፔሪዶል ወይም ለማስታወክ የሚሰጠውን ፕላዚል የሚወስድ ሰውም ፓርኪንሰን የመሰለ እንቅስቃሴ ሊያሳይ ይችላል፤ ካሜራው ይህን አይለይም፣ የመድኃኒት ካርዱ ነው የሚለየው።

እርምጃን መቅረጽ ቦታ ይጠይቃል፦ 10 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ መመለስ። መዞሪያው ከምስሉ አይውጣ፤ እግር መሬት ላይ የሚጣበቀው ብዙ ጊዜ እዚያና በር ላይ ነው። ጋቢና ረጅም ቀሚስ ጉልበትንና የክንድ ውዝዋዜን ይሸፍናሉ፤ ጋቢው ይውለቅ፣ ቀሚሱ በመቀነት ከፍ ይበል። እንዳይወድቁ አብሮ የሚሄድ ሰው ግድ ነው፣ ግን በካሜራው ተቃራኒ ጎን ይሂድ። በመሃል ከገባ ፕሮግራሙ ሳያስታውቅ የአጃቢውን እግር መቁጠር ይጀምራል። «አባባ፣ እንደ ወትሮዎ ይራመዱ» ብቻ በሏቸው፣ የቤታቸው ቋንቋ ኦሮምኛ ከሆነም በኦሮምኛ፣ በየጊዜው ያንኑ ቃል። «በርትተው ይሂዱ» ከተባሉ ያ ቀን ከሌላው ጋር አይወዳደርም።

መድኃኒት የተወሰደበት ሰዓት ካልተጻፈ ቪዲዮው ዋጋ የለውም። አንድ ጊዜ ከመዋጣቸው በፊት፣ አንድ ጊዜ ከዋጡ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ቅረጹ። ለቀረጻ ሲባል ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሌቮዶፓ አይዘለልም፣ በድንገትም አይቋረጥም፤ አደገኛ ነው። እዚህ ላይ የኛ አገር ሰዓት አቆጣጠር የሚያመጣው ወጥመድ አለ። ቤተሰቡ «2 ሰዓት ዋጡ» ብሎ ይጽፋል፣ ፋይሉ ደግሞ 09:10 ይላል። ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እንጂ 7 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አይደለም። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ስልኩ በፈረንጅ ይመዘግባል፣ ካርዱ በእኛ። ከመቅረጻችሁ በፊት ቀንና ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለካሜራው አሳዩ፣ ክርክሩ ያልቃል።

ወደ ሐኪም ስትልኩ በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ። እንደ ተራ ቪዲዮ ከሄደ ይጨመቃል፣ ጣቱም ይደበዝዛል። ለእጁ ቪዲዮ ፊት አያስፈልግም። ቁጥር 1321 የሆነው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ስለሚቆጥር፣ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ያዙ፤ ለቤተሰብ ግሩፕም አትልቀቁት።