የሃኖቨሩ ከንቲባና ወንድም ጋሼ

ሰኔ 19 ቀን 2002 ዓ.ም፣ ፍኖተ ሰላም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ዲኤስቲቪ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፣ ዘግይቶ የመጣው በር ላይ ቆሞ ጃንጥላውን እንደያዘ ያያል። የደቡብ አፍሪካው ዓለም ዋንጫ ነው፣ ጋና ከአሜሪካ ትጫወታለች። እዚያ ቤት ውስጥ ለአሜሪካ የሚደግፍ አንድ ሰው አልነበረም፣ እኔም ሙሉ ልቤ ጋና ጋ ነበር። ቦአቴንግ በ5ኛው ደቂቃ ሲያገባ ወንበር ተሰበረ። ዶኖቫን በፍጹም ቅጣት ምት አቻ ሲያደርግ ቤቱ ጸጥ አለ። ጂያን በተጨማሪው ሰዓት 93ኛው ደቂቃ ላይ ሁለተኛውን ሲያስቆጥር ግን ጩኸታችን ከዝናቡ በላይ ሆነ፣ የማላውቀው ሰውዬ አቅፎ አነሳኝ።

እየጮህኩም ቢሆን ዓይኔ አንድ ሰው ላይ ቀርቶ ነበር። 6 ቁጥር የለበሰው አጭሩ አሜሪካዊ። የቀኝ መስመር ተከላካያቸው፣ ስቲቭ ቼሩንዶሎ።

ለምን እሱን እንዳየሁ ልንገራችሁ። እኔ ለትምህርት ቤታችን ሁለት ቁጥር፣ ማለትም የቀኝ መስመር ተከላካይ፣ ነበርኩ። ወንድም ጋሼም ከእኔ በፊት ለከተማው ቡድን እዚያው ቦታ ለዓመታት ተጫውቷል። ያስተማረኝም እሱ ነው። ከትምህርት ስመለስ ደጃችን ላይ ያቆመኝና እሱ ክንፍ ሆኖ ይመጣብኛል። «መስመሩን ስጠው፣ መሀሉን ንሳው» ይለኛል። ደግሞ ደጋግሞ። ክንፉን ወደ ውጪ ግፋው፣ ከመስመሩ ወዲያ መሄጃ የለውም፤ ወደ ውስጥ ካስገባኸው ግን አለቀልህ ማለቱ ነው። ይህን ሥራ አሳምረህ ስትሠራ ማንም አያጨበጭብም። አንዴ ስታመልጥህ ነው ስምህ የሚጠራው። እና እኔ ኳስ ሳይ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው ሁለቱን ተመላላሾች፣ የመስመር ተከላካዮቹን ነው።

ቼሩንዶሎን መጀመሪያ ያየሁት ግን ያኔ አልነበረም፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከእንግሊዝ ጋር ሲጫወቱ ነው። ሁሉም ሰው ከዚያ ጨዋታ የሚያስታውሰው የእንግሊዙን በረኛ የግሪንን ስህተት ነው፣ የዴምፕሲ ኳስ ከእጁ ሾልካ የገባችውን። እኔ የማስታውሰው ጄምስ ሚልነርን ነው። ሚልነር በግራ ክንፍ ነበር የተሰለፈው፣ ማለትም የቼሩንዶሎ ሰው ነው። ገና በጠዋቱ ቼሩንዶሎ እየወጣ ያልፈው ጀመር። ሚልነር ጠልፎት ቢጫ ካርድ አየ። ከዚያ ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ገደማ ላይ ሲደርስ አሰልጣኙ ካፔሎ ሚልነርን አስወጥቶ ራይት ፊሊፕስን አስገባ። ተከላካይ ክንፉን አስቀይሮ አስወጣው! ለእኔ ይህ ከጎል አይተናነስም።

በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሳነብ ነው የበለጠ የወደድኩት። በ1979 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) በሮክፎርድ ኢሊኖይ ተወለደ፣ ያደገው ሳንዲዬጎ ነው። ፖርትላንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተጫወተ። ከዚያ በ1999 መጀመሪያ ላይ፣ 20 ዓመት ሳይሞላው፣ ትምህርቱን ትቶ ጀርመን ሄደ። የሄደው ደግሞ ወደ ባየርን ወይ ወደ ዶርትመንድ አይደለም። ያኔ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ወደነበረው ሃኖቨር 96 ነው። ክለቡ በ2002 በራልፍ ራንግኒክ አሰልጣኝነት ከ13 ዓመት በኋላ ወደ ቡንደስሊጋ፣ ወደ ጀርመን አንደኛ ዲቪዚዮን፣ ሲመለስ ልጁ አብሮ ነበር። እና እዚያው ቀረ። እስከ 2014። ሌላ የአውሮፓ ክለብ ማሊያ ሳይለብስ 15 ዓመት። በቡንደስሊጋ ብቻ 302 ጨዋታ፣ በክለቡ ታሪክ ማንም ያልደረሰበት። ቋንቋቸውን አቀላጥፎ ቻለ፣ የከተማው ሰውም «የሃኖቨር ከንቲባ» የሚል ስም አወጣለት።

የዓለም ዋንጫ ዕድሉ ግን አንዳንዴ ያሳዝናል። በ2002 ኮሪያና ጃፓን ሲሄዱ ስብስቡ ውስጥ ነበር፣ ልምምድ ላይ ተጎድቶ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ተመለሰ። በ2006 ጀርመን ላይ፣ እንጀራ በሚበላበት አገር ማለት ነው፣ ሦስቱንም ተጫወተ። ያኔም ያሰናበተቻቸው ጋና ነበረች፣ ኑርንበርግ ላይ 2 ለ 1። በ2010ም ያው ጋና፣ ያው 2 ለ 1። ለብሔራዊ ቡድኑ 87 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው ሁለት ጎል ነው። ሁለት ቁጥር ለሆነ ሰው ይህ ምንም ነውር የለበትም።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን የ2009 ኅዳር ነው። የሃኖቨር አምበልና ግብ ጠባቂ ሮበርት ኤንከ፣ ለዓመታት ከድብርት ሕመም ጋር ሲታገል ቆይቶ ራሱን አጠፋ። ቡድኑ ውስጥ ሕመሙን የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሬሳው ያረፈበት ሣጥን ስታዲየሙ መሀል ተቀምጦ 40 ሺህ ገደማ ሰው ሊሰናበተው ወጣ። እኛ አገር ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን ይጣላል፣ ሰው እየተፈራረቀ ያድራል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። እነዚያ ልጆች ግን ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ወደ ሜዳ ተመልሰው መሮጥ ነበረባቸው። እንዴት ይቻላል? አልቻሉም። ጨዋታ በጨዋታ ላይ ተሸነፉ፣ ሠንጠረዡ ላይ ወረዱ ወረዱና መጨረሻው ቀን ላይ ደረሱ። የመጨረሻዋን ቀን ቦኹም ሄደው 3 ለ 0 አሸንፈው ነው ከመውረድ የተረፉት። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ደቡብ አፍሪካ የመጣው፣ እኛ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን ያየነው ሰው እንዲህ ያለ ዓመት አሳልፎ ነበር። ማናችንም አላወቅንም።

በቀጣዩ ዓመት የአምበልነቱን ጨርቅ ቼሩንዶሎ አሰረ። ሃኖቨርም በ60 ነጥብ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። በዓመቱ ዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ደርሰው አትሌቲኮ ማድሪድ አስወጣቸው። ስለዚህ ቡድን ብዙ ሰው አያወራም፣ እኔ ግን ከዋንጫ አሳንሼ አላየውም።

በ2014 ጉልበቱ እምቢ አለው፣ በቃኝ አለ። ከዚያ አሰልጣኝነት ጀመረ፤ ሎስ አንጀለስ ኤፍሲን ይዞ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2022፣ የአሜሪካን ሊግ ሁለቱንም ዋንጫ፣ የመደበኛውን ውድድርም የማጠቃለያውንም፣ አነሳ። ፍጻሜው ከፊላደልፊያ ጋር ነበር፣ ጋሬዝ ቤል በተጨማሪው ሰዓት የባከነ ደቂቃ ላይ በጭንቅላት 3 ለ 3 ያደረገበት፣ ከዚያ በመለያ ምት ያሸነፉበት። ጨዋታውን ያላየ ሰው ካለ ፈልጎ ይይ።

ወንድም ጋሼም በጉልበቱ ነው ያቆመው። ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ላለ ክለብ ሙከራ ተጠርቶ ነበር። አባታችን ታመው ስለነበር እርሻውን የሚይዝ ሰው ጠፋና ቀረ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም። ለከተማው ቡድን 11 ዓመት ተጫወተ፣ ሣር በሌለበት ሜዳ፣ ከቡሬ፣ ከደምበጫ፣ ከደብረ ማርቆስ ከሚመጡ ልጆች ጋር። ዛሬ ከተማው ውስጥ ያንን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

ያለፈው ፋሲካ አገር ቤት ገብቼ ስለ ቼሩንዶሎ ነገርኩት። ዶሮው ተበልቶ ቡና ተፈልቶ፣ የእንግሊዙን ጨዋታ ስልኬ ላይ ከፈትኩለት። መነጽሩን አደረገ። «የቱ ነው?» አለኝ። «6 ቁጥሩ፣ ወንድም ጋሼ።» ብዙ ደቂቃ ምንም አልተናገረም። ቡናውም ቀዘቀዘ። ከዚያ ቼሩንዶሎ በቀኝ በኩል ኳስ ይዞ ተነሳ፣ ሚልነር ከፊቱ ቆሟል፣ የወንድም ጋሼ ቀኝ እግር ከዱካው ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁት።

«ሂድበት፣» አለ በቀስታ። «ሂድ፣ ከኋላህ ሰው አለ።»