ጠዋት አሪያ፣ ማታ ትዝታ፦ የዘንድሮው የድምፅ ልምምዴ

ድሬዳዋ ውስጥ ድምፅ አስተምራለሁ፤ ራሴም እዘፍናለሁ። ዘንድሮ ልምምዴን ለሁለት ከፈልኩት። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ የጣሊያንኛ አሪያ (በክላሲካሉ ኦፔራ አንድ ሰው ለብቻው የሚዘፍነው)፣ ማታ ነፋስ ሲገባ የአገር ዜማ ከነማይኩ። አንድ ነገር ማጣራት ፈልጌ ነው። "ክላሲካል የተማረ ሁሉንም ይዘፍናል" ይባላል። ስንቱ እውነት ነው?

እስካሁን ባየሁት፣ ግማሹ። የቀረው ግማሽ ደህና ዘፋኝ ያበላሻል።

ከእውነቱ ልጀምር። ትንፋሽ ለሁለቱም ያው ነው። ጣሊያኖቹ አፖጆ ይሉታል። አየር ከሳብን በኋላ የጎን አጥንታችን ቶሎ እንዳይከደን ይዞ፣ አየሩን በቁጥብ መልቀቅ ነው። ረጅም የትዝታ ሐረግ መሃል ላይ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ተማሪዎች በዚህ ብቻ ብዙ ተሻሽለዋል። ስትሮውም እንደዚሁ። ግማሽ ውሃ ባለው ሃይላንድ ውስጥ ስትሮ ከትቶ፣ ውሃውን እያንቦጫረቁ ዜማውን ማዜም። አፍ ሲጠብ ወደ ኋላ የሚመለሰው ግፊት የድምፅ አውታሩን ያግዘዋል፤ በትንሽ ጉልበት ይርገበገባል። ከሠርግ ማግሥት ድምፁ ሻክሮ ለሚመጣ ዘፋኝ መጀመሪያ የምሰጠው ይሄን ነው።

ችግሩ ማንቁርት ላይ ይመጣል። የኦፔራ ዘፋኝ ማንቁርቱን ዝቅ አድርጎ ጉሮሮውን ያሰፋል፤ አናባቢውንም ያከብበዋል። ምክንያት አለው፤ ማይክ የለውም። የኦርኬስትራ ድምፅ የሚበረታው 500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ርግብግቢት) አካባቢ ነው። የሠለጠነ የኦፔራ ድምፅ፣ በተለይ የወንዶቹ፣ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ጉልበት ይሰበስባል። እዚያ ኦርኬስትራው ደካማ ስለሆነ ድምፁ ሾልኮ አዳራሹ ጥግ ይደርሳል። ማይክ ከፊታችሁ ቆሞ ይሄ ሁሉ ለምን? አንድ ጎበዝ የሠርግ ዘፋኝ ተማሪ አለኝ። ትዝታውን በክላሲካሉ አቀማመጥ እንዲሞክረው ጠየቅኩት። ሁለት ስንኝ እንደሄደ አቋረጠ። "አቦ ቲቸር፣ ይሄማ ፈረንጅ አማርኛ ሲያወራ ነው!" እውነቱን ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሰማ ስፈልግ ነው ዘንድሮ ከሁሉ የጣመኝን ነገር ያገኘሁት። ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና ቀ፣ ጠ፣ ጨ በሉ። ብድግ ይላል አይደል? እነዚህ ድምፆች የሚወጡት የድምፅ አውታሩ ተዘግቶ፣ ማንቁርቱ ወደ ላይ ሲገፋ ነው። ጣሊያንኛ እነዚህ ድምፆች የሉትም። ስለዚህ ማንቁርቱን ታች ላይ ቸክሎ አማርኛ የሚዘፍን ሰው ከገዛ ቋንቋው ጋር ይታገላል። ወይ ቀ ወደ ከ ትጠጋበታለች፣ ወይ ጉሮሮው ይታነቃል። (ማኑኤል ጋርሲያ የሚባለው የዘፈን አስተማሪ በ1854 እ.ኤ.አ. የገዛ ድምፅ አውታሩን ያየው በትንሽ መስታወትና በፀሐይ ብርሃን ነው። ፀሐዩስ እኛ ጋ ሞልቷል፤ እኔ ግን ጣቴ ይበቃኛል።)

ኦሮምኛ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እነ ቀና ጠ እዚያም አሉ፤ ዸ ግን ማንቁርቱን ወደ ታች ትስባለች። እዚህ ከተማ ዓሊ ቢራን ሳይዘፍን የሚያድግ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። መጠሪያውን ያወጣለት "ቢራ ዻ ባሪኤ" የሚለው ዘፈን ውስጥ ራሱ ዻ አለች። እና ክላሲካል መማር የሚፈልግ ኦሮምኛ ተናጋሪ ተማሪ ሲመጣልኝ "ማንቁርትህን ዝቅ አድርግ" ማለት ትቻለሁ። "ዻ በል፤ ከዚያ አ ላይ ቆይ" እላለሁ። ማንቁርቱ ሳይታዘዝ ይወርዳል። ምላስ በጣት ከመጫን፣ ከማዛጋት፣ ከሌላውም ዘዴ ይሄ ይሻለኛል።

ቪብራቶ (ድምፅን ማርገብገብ) ላይ አጭር ነኝ። ክላሲካሉ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ፣ ሳይቋረጥና በእኩል መርገብገብ ይፈልጋል። የእኛ ዜማ ቦታ ይመርጣል። ድምፁ ቀጥ ብሎ ይሄድና ማረፊያው ላይ ይጠመዘዛል። ሁሉንም ካረገበገብከው ጌጡ ይጠፋል። ቅኝት ላይ ደግሞ ያስቸገረኝ አንቺ ሆዬ ነው። ከሲ (C) ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት (Db)፣ ኤፍ (F)፣ ጂ ፍላት (Gb)፣ ኤ (A) ነው። ጠዋት በሜጀር ስኬል የሞቀ ጆሮ ማታ ጂ ፍላቷን ወደ ጂ ይጎትታታል። አሁን ከማታው ልምምድ በፊት ኪቦርዱን ዘግቼ ቅኝቱን በባዶ ድምፅ እመላለስበታለሁ።

የአየሩን ነገር ድሬ ሆኖ መዝለል አይቻልም። የምንጠጣው ውሃ የድምፅ አውታሩን አይነካም፤ በሌላ ቱቦ ነው የሚያልፈው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ዞሮ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ልምምድ ሊጀመር ሲል አንድ ሊትር መገልበጥ ሽንት ቤት ከማመላለስ በቀር ያን ያህል አይረዳም። እንፋሎት ግን በቀጥታ ይደርሳል። ቬንትሌተር ፊት ለፊት መዝፈንም ከልክያለሁ፤ ተማሪዎቼ ተነጫንጨዋል። በርጫ ላይ ውሎ የሚመጣውንም አልመክርም፤ የሚከፍለው ራሱ ነው። አፉ ደርቆ፣ በምርቃና ሲያወራ ውሎ፣ ከፍ ያለች ኖታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል። ያን ቀን ስትሮ ብቻ ሰጥቼ እሸኘዋለሁ።

አሁን የያዝኩት እ የምትባለው አናባቢ ላይ ነው። ከደረት (ከወፍራሙ) ወደ ራስ (ወደ ቀጭኑ) ድምፅ መሻገሪያው ላይ ረጅም እ ሲመጣ ጉሮሮ ይታነቃል። ጣሊያንኛ እ ስለሌለው የጣሊያኖቹ ልምምድ እዚህ አያግዝም። ለጊዜው እ ላይ ቶሎ አልፈን ቀጥሎ ያለውን ክፍት አናባቢ እናስረዝማለን። በመጠነኛ ፍጥነት ይሠራል። ስንኙ በእ ሲጀምርና ዜማው ዝግ ያለ ሲሆን ግን አይሆንም፤ ቃሉ ይዛባል። ከእ ወደ ኧ ትንሽ መክፈትን እየሞከርን ነው። ሁለት ተማሪዎች ተቀብለውታል፤ የሠርግ ዘፋኙ አሁንም ይስቃል።