ለ214 ፋይል የላይሰንስ ሄደር በስክሪፕት ሳስገባ ያየሁት

ሰላም ጓዶች። ቀን ከአንድ ዘመን አቆጣጠር ወደ ሌላ የሚቀይረውን ላይብረሪዬን (የኮድ ስብስብ) ኦፕን ሶርስ ላደርገው፣ ማለትም ኮዱን ለሁሉም ክፍት ላደርገው ነው ብያችሁ ነበር አይደል፣ ኮዱ ካለቀ ቆይቷል፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ የባለቤትና የላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ማስታወሻ፣ ሄደር የሚባለውን፣ ማስገባት። ስጀምረው የአንድ ከሰዓት ስራ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰው እንኳን ከጠቀመ ብዬ የሆነውን እንዳለ ልጻፍላችሁ።

ሪፖው (የኮዱ ማከማቻ) ውስጥ አንድ የላይሰንስ ፋይል ካለ በቃ አይደል እንዴ ትሉ ይሆናል፣ እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ግን ፋይል ብቻውን ይሄዳል። ኮድ በቴሌግራም ሲዞር አይታችኋል፣ አምና አንድ ልጅ የግዕዝ ቁጥር የሚያወጣ ፋይል ላከልኝ፣ እሱም ከሌላ ሰው ነው ያገኘው፣ በጣም ንጹህ ኮድ ነው ግን ማን እንደጻፈው፣ በምን ፈቃድ እንደሆነ የሚል አንዲት መስመር የለበትም፣ ትቼው ከባዶ ጻፍኩት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ የሚያገኝ ስራ ነው፣ መብቱም ስራው ሲፈጠር ነው የሚጀምረው፣ ምዝገባ አይጠይቅም። ስለዚህ ምንም ያልተጻፈበት ኮድ ማለት ፈቃድ ያልተሰጠበት ኮድ ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ነው የሚረዳው።

የመረጥኩት ላይሰንስ አፓቼ 2.0 ነው። መጨረሻው ላይ ለፋይል አናት የሚሆን የተዘጋጀ ጽሑፍ አለው ግን ከአስር መስመር በላይ ነው፣ ሃያ መስመር ኮድ ላለው ፋይል ይበዛል። አጭሩን ወሰድኩ፣ ኤስፒዲኤክስ የሚባለውን፣ ላይሰንስን በአጭር መለያ የመጻፊያ ስታንዳርድ ነው፣ አንድ መስመር ዓመትና የባለቤት ስም፣ አንድ መስመር የላይሰንሱ መለያ፣ አለቀ። የሊነክስ ከርነል ሰዎችም በፈረንጆች 2017 ምንም ያልተጻፈባቸው ከ10 ሺህ በላይ ፋይሎች ላይ ባንዴ ይሄንኑ መለያ አስገብተዋል፣ ግን ፋይሎቹን ላይሰንስ በሚፈልግ ስካነር ፕሮግራም አስፈትሸው፣ ውጤቱን በሰው ዓይን አይተው ነው። እኔ ይሄን ሁለተኛውን ክፍል ዘልዬው ነው የገባሁት።

የመጀመሪያው ሙከራ የራሴ ስክሪፕት ነበር፣ ፋይሉን ይከፍታል፣ ሁለቱን መስመር ከላይ ይለጥፋል፣ ይዘጋል። 214 ፋይል በሰከንዶች ውስጥ። ከዛ የፓይተን ስክሪፕቶቼ መነሳት እምቢ አሉ፣ ቴርሚናሉ ኢምፖርት የሚባል ኮማንድ የለም ይለኛል። ለካ ሼባንጉ (በ#! የሚጀምረው መስመር) የግድ የመጀመሪያው መስመር ላይ መሆን አለበት፣ ሲስተሙ ፋይሉን በምን እንደሚያስኬደው የሚያውቀው በሱ ነው፣ ወደ ሦስተኛ መስመር ሲወርድ ሼሉ (ኮማንድ የሚቀበለው ፕሮግራም) የራሱ ስክሪፕት አድርጎ ያነበዋል። ኤክስኤምኤልም እንደዛው፣ ዲክላሬሽኑ (<?xml የሚለው መስመር) ካለ ከሱ በፊት ምንም መግባት የለበትም። በጎ ቋንቋ የምትጽፉ ደግሞ በሄደሩና ፓኬጅ በሚለው መስመር መሃል ባዶ መስመር ተዉ፣ አለበለዚያ የላይሰንስ ጽሑፋችሁ የፓኬጁ ዶክመንቴሽን ሆኖ ይወጣል።

ሁሉንም መልሼ አድላይሰንስ ወደሚባለው ቱል ሄድኩ፣ ከጉግል ሪፖ የወጣ ነው፣ ሼባንጉን አይነካም፣ የየቋንቋውን የኮመንት ምልክትም ያውቃል። አሪፍ ነው፣ ግን አማርኛ ያለበት ፋይል ላይ ልብ በሉ። ፋይሉ ሄደር አለው የለውም የሚለውን የሚወስነው የመጀመሪያዎቹ 1000 ባይት ውስጥ ኮፒራይት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወይም የኤስፒዲኤክስ መለያውን ፈልጎ ነው። እኔ ደግሞ አንዳንዱ ፋይል ላይ ከድሮ «የቅጂ መብት 2014 ዓ.ም.» ብዬ ጽፌያለሁ፣ እሱን አያውቀውም፣ ከላዩ ላይ ሌላ ደረበበት። አንዱ 2014 አንዱ 2025 ይላል፣ ለማያውቅ ሰው አስራ አንድ ዓመት የተራራቁ ይመስላሉ። ቀን የሚቀይር ላይብረሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ በጣም ነው ያመመኝ።

ሌላም አለ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥበት አሰራር) ሦስት ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ 1000 ባይት ለኛ 333 ፊደል አካባቢ ነው። የባሕረ ሐሳብ ስሌቱ ያለበት ፋይል ላይ ስለ አበቅቴና መጥቅዕ አስራ አምስት መስመር በአማርኛ አብራርቼ መለያውን ከሱ በታች አድርጌው ነበር፣ ቱሉ እዛ ሳይደርስ ማየት ያቆማል፣ ስከፍተው ከላይም ሄደር ከታችም ሄደር። አሁን መለያው ሁሌም ከላይ ነው፣ የአማርኛው ማብራሪያ ከሱ ቀጥሎ፣ ዓመቱ ደግሞ መለያው ጋ በፈረንጅ፣ ማብራሪያው ውስጥ ዓ.ም. ተብሎ።

እነዚህ ግን ቀላሎቹ ናቸው። ሪፖው ውስጥ የሌላ ሰው ስራ የሆኑ ሁለት ፋይሎች አሉ፣ ኤምአይቲ ላይሰንስ ናቸው፣ የላይሰንሱ ጽሑፍ ያለው ፋይሎቹ ውስጥ ሳይሆን ፎልደሩ ውስጥ ለብቻው ነው። ቱሉ ባዶ መሰሉት፣ የኔን ስም ከነአፓቼው ለጠፈባቸው፣ እኔም ሳላይ ፑሽ አደረግኩት (ወደ ሪፖው ላክሁት)። ኤምአይቲ የሚጠይቀው እኮ ማስታወሻዬን አትንኩ፣ ከኮዱ ጋር ይሂድ ነው፣ ሌላ ብዙ ነገር አይጠይቅም። በሁለተኛው ቀን ኮድ የሚያግዘኝ ልጅ «ይሄ ፋይል ያንተ ነው እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ። ልቤ ነው የወደቀው። እዛው መለስኩት፣ ለባለቤቱም የሆነውን ጽፌ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ከዛ በኋላ ነው ስራው የተጀመረው ማለት ይቻላል። ማሽን ማን እንደጻፈው አያውቅም፣ ያ የኔ ስራ ነው። 214ቱንም ፋይል አንድ በአንድ ከፍቼ ለየኋቸው፣ የኔ የሆነ፣ የሌላ ሰው የሆነ፣ በጄኔሬተር የተሰራ። የሰው የሆነውንና በጄኔሬተር (ኮድ በሚያወጣ ፕሮግራም) የተሰራውን በሙሉ ቱሉ እንዲዘላቸው አደረግኩ። የጊት (የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው ቱል) ሎጉን ሳይ ደግሞ የኔ ያልኳቸው ፋይሎች ውስጥም የሌሎች አራት ልጆች እጅ አለበት፣ እያንዳንዳቸውን ጠየቅኩ፣ ሁሉም እሺ አሉ፣ ስለዚህ የባለቤቱ መስመር ከኔ ስም ቀጥሎ «እና አበርካቾች» ይላል። ሁለቱን ሳምንት የበላው ይሄ ነው፣ አይቆጨኝም።

ሄደሩን ያስገባሁት ለብቻው ባንድ ኮሚት (ጊት ላይ የሚመዘገብ አንድ ለውጥ) ነው፣ ሌላ ለውጥ አልቀላቀልኩበትም። የኮሚቱን መለያ (ሃሽ) ብሌም፣ መስመሩን ማን እንደጻፈው የሚያሳየው የጊት ኮማንድ፣ የሚዘላቸው ኮሚቶች ዝርዝር ውስጥ ጻፍኩት፣ ካልሆነ የሁሉም ፋይል አናት በኔ ስምና በዛ ቀን ይታያል፣ ከጊት 2.23 ጀምሮ ነው የሚሰራው። ሲአይ (ኮድ ሲገባ በራሱ የሚፈትሽ ሲስተም) ላይ ደግሞ ቱሉ በቼክ ሞድ ነው ያለው፣ ሄደር የሌለው ፋይል ሲመጣ ቀይ ያሳያል እንጂ ራሱ አይጨምርም፣ የሚጨምረው ፋይሉን የጻፈው ሰው ነው።

አሁን የቀሩኝ የበዓላት ዳታ ያለባቸው 9 የጄሰን ፋይሎች ናቸው፣ ጄሰን ኮመንት አይቀበልም። የአውሮፓ ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሪዩዝ የሚባል አሰራር አለው፣ ከእያንዳንዱ ፋይል ጎን በዛው ስም፣ መጨረሻው ላይ ነጥብና ላይሰንስ የሚል ተጨምሮበት ትንሽ ፋይል ታስቀምጣላችሁ፣ ቅዳሜ እሱን እጨርሳለሁ። ከዛ አድላይሰንስ የአማርኛውንም ቃል እንዲያውቅ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ልልክ ነው። እናንተ ኮድ ላይ «የቅጂ መብት» ነው የምትጽፉት፣ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ወይስ ሌላ? የምትጠቀሙበትን እንዳለ ጻፉልኝ፣ ፓቹ ውስጥ አስገባዋለሁ።