መጠጥ ለማቆም ሰው ፍለጋ፤ ድሬዳዋ ላይ ያየሁት

ድሬ ላይ መጠጥ ላቁም ያለ ሰው ቀድሞ የሚሰማው ምክር ሁለት ነው፤ «ጠበል ግባ» ወይም «ወንድ ሁንና ተወው»። ሁለቱንም ሰዎች ከልባቸው ነው የሚሉት። እኔ የፈለግኩት ግን እንደኔ ሲጠጣ ኖሮ የተወ ሰው ነበር። ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠኝ፣ እኔም የማዳምጠው። እሱን ለማግኘት ያየሁትን አበሳ ሌላው እንዳያይ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ቀጥ ካደረገው እጁ መንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም። በቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ የሚጥል፣ የሌለ ነገር የሚያሳይ፣ ሲብስም የሚገድል ሀራራ ሊመጣበት ይችላል። መድኃኒት አለው። እኔም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄድኩ፣ ካርድ አወጣሁ፣ መድኃኒቴን ወሰድኩ፣ አለፈ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ያቆሙ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ቦታ የት አለ?» እያልኩ ስጠይቅ አንድ መሥሪያ ቤት ደረስኩ። «በሱስ ዙሪያ ውይይት አለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ና» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

አዳራሹ በር ላይ አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች። ሙሉ ስም ከነአያት፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ ፊርማ። «እህቴ፣ ስሜን ባልጽፍ ይሻለኛል» አልኳት። «ካልፈረሙ አበል አይከፈልዎትም» አለችኝ። አበል አልፈልግም ብላትም ግራ ገብቷት ቀና ብላ አየችኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ? የተሰጣት ወረቀት እሱ ነው። ጻፍኩ።

ውስጥ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ ተደርድሯል። አብዛኛው ተሰብሳቢ ከየመሥሪያ ቤቱ የተላከ ሠራተኛ ነው። ኃላፊው ስለ ሱስ ጉዳት ረጅም ንግግር አደረጉ። ከዚያ «ከሱስ ለመውጣት የቆረጣችሁ ወገኖች እስቲ እጃችሁን አውጡ» አሉ። እኔም ለዚሁ ነውና የመጣሁት አወጣሁ። ተጨበጨበልኝ። ወዲያው ካሜራ የያዘው ልጅ ፊቴ ቆሞ ተከታትሎ አነሳኝ። «ለምንድን ነው?» ስለው «ለሪፖርት ነው» አለኝ።

ሰኞ ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ስገባ አንድ የማውቀው ነጋዴ ከሩቅ ጮኸ፤ «አቦ፣ ፌስቡክ ላይ አየንህ እኮ!» እናቴ የሰማችው ከጎረቤት ነው። ድሬ ላይ ሁሉም ይተዋወቃል። ፎቶውን አጥፉልኝ ብዬ ሄድኩ። ገጹን የሚይዘው ሰው ሥልጠና ላይ ነው፣ ነገ ና ተባልኩ። ነገ ስሄድ ማመልከቻ ጽፈህ መዝገብ ቤት አስገባ አሉኝ። ስሜ ይደበቅልኝ ብዬ የሄድኩት ሰውዬ፣ ጠጪ ነበርኩ ብዬ በጽሑፍ ፈርሜ፣ በየጠረጴዛው እንዲነበብ ላስገባ! ትቼ ወጣሁ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። አዳራሹ ውስጥ ሌላም እጁን ሊያወጣ ያሰበ ሰው ነበር ይሆናል፤ ያንን ካሜራ አይቶ ግን ዳግም አይመጣም።

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ስማቸው የማይገለጽ ጠጪዎች እንደማለት ነው) የሚባለው ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ አክሮን ከተማ የተጀመረው ሁለት ጠጪዎች ተገናኝተው በማውራታቸው ነው። አንዱ የአክሲዮን ገበያ ሰው፣ አንዱ ቀዶ ሐኪም። ምዝገባ የለም፣ መዋጮ ግዴታ አይደለም። የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። አዳራሽም ባነርም አልነበራቸውም።

እኔን ያወጣችኝ የክሊኒኩ ሲስተር ናት። ሁለታችንንም አስፈቅዳ የሌላ ታካሚ ስልክ ሰጠችኝ። በስልክ የሚካሄዱትን የዚህን ኅብረት የእንግሊዝኛ ስብሰባዎች አብረን ሰማን፣ አካሄዱን ለመድን። ከዚያ ሌሎች ተጨመሩ፣ አንዱ ወዳጃችን ግቢ በአማርኛ ጀመርን። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም፣ አይፈርድም። ስልክ ሁሉ በር ላይ ያለ ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ይህን ሕግ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እኮራበታለሁ።

ሰዓቱ ላይ አልደራደርም። እኛ አገር ከሰዓት ይቃማል፤ አመሻሹ ላይ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር ጨብሲ ይወጣል። አብዛኞቻችንን የበላን ያ ሰዓት ነው። ስለዚህ የምንሰበሰበው ልክ በጨብሲ ሰዓት ነው፤ ሻይና ሳምቡሳ ይዘን። የሚጠጣው ሰው ቅዳሜ ጠዋት ገና አልተነሳም፣ ከተነሳም አንጎበር ላይ ነው። ክሊኒክ ውስጥ «አንድ በአንድ ተው፤ ጫቱ ይቆይ» ብለውኛል። አልስማማም። ለሌላ አገር ሰው ይሠራ ይሆናል፣ ጨብሲ ለለመደ ሰው ግን ጫቱ ካለ ቢራው ይጠራዋል።

ቦታው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ግቢ አይሁን። እኛ ጋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይመጣል። ሙስሊሙ ወንድማችን መጠጣቱ ከታወቀበት ከኛ የበለጠ ይጎዳል፤ ያለ ስጋት የሚገባበት በር ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ፈጣሪውን ይለምናል።

የቅርብ አጋዥ፣ ማለትም ሲከብዳችሁ የምትደውሉለትን ሰው፣ ስትመርጡ ደግሞ ከሰፈራችሁም ከሥራ ቦታችሁም አይሁን። የኔ አጋዥ ሐረር ነው የሚኖረው። በደንገጎ ዳገት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስላለ እናቴንም አለቃዬንም አያውቅም። ማታ ሲከብደኝ እደውልለታለሁ፤ ያነሳል።

ከሐረር የሚመጡት ወዳጆቻችን ሲመሽ የመመለሻ ታክሲ እያጡ ይቸገራሉ። አሁን እዚያው ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ የሚሰበሰቡበት ቤት እያፈላለጉ ነው። ከግሮሰሪ የራቀ፣ በሩም ከዋናው መንገድ የማይታይ ይሁን ብያቸዋለሁ።