የማትነሳው ዳክዬ

ከኦስሎ በስተ ሰሜን ርቀው ወዳሉት የኖርዌይ ደሴቶች፣ ወደ ስቫልባርድ የሄድኩት ለሰኔና ለሐምሌ ብቻ፣ የበረዶ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾችን ልመግብና ግቢያቸውን ላጸዳ ነበር። ከተማዋ ሎንግየርብየን 78 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነች፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም። ማታ 4 ሰዓት ላይ የፀሐይ መነጽር አድርጌ የውሻ ቆሻሻ እዝቅ ነበር።

ግቢው ከከተማው ወጣ ብሎ አድቬንትዳለን ሸለቆ ላይ ነው። እዚያ አካባቢ ነጭ ድብ የተሳለበት ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ ጠመንጃ ሳይያዝ አይኬድም። የእኔም ፍርሃት ሁሉ ድቡ ነበር። ጉዴ የመጣው ግን በዳክዬ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ባልዲዬን ይዤ ሳልፍ፣ ከውሾቹ ቤት አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብላ አንዲት ቡናማ ዳክዬ ተቀምጣለች። ኤይደር ይሏታል። ቀረብኳት፣ አልተነሳችም። ባልዲውን አንኳኳሁ፣ ንቅንቅ የለም። የእናቴ ዶሮ ብትሆን ሰፈሩን በጩኸት ታቀልጠው ነበር። «ታማለች» አልኩና፣ ደግነት በሉት ሞኝነት፣ በጃኬቴ ጠቅልዬ ለአለቃዬ ልወስዳት ጎንበስ አልኩ።

ብርር! ስትነሳ የሚከረፋ ኩስ እንቁላሎቿ ላይ ለቀቀችው፤ ጓንቴም አልተረፈ። አራት አረንጓዴ ቢጤ እንቁላሎች፣ ግራጫ ላባ ተነጥፎላቸው። እኔ አፌን ከፍቼ ስቆም አንድ ትልቅ የባሕር ወፍ ወረደና አንዱን ይዞ እብስ አለ።

አለቃዬ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የቀሩትን ሦስቱን በላባው ሸፈነችና እጄን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝ።

«ሃያ አምስት ቀን ያህል እንዲህ ነው የምትታቀፈው፤ እህል ውኃ የላትም ማለት ይቻላል። ላባውን ከደረቷ ነጭታ ነው ያነጠፈችው። በራሷ ጊዜ ስትነሳ ትሸፍናቸዋለች፤ ካስደነገጥካት ግን በየት በኩል?»

«ታዲያ ውሻ መሃል ምን አመጣት?»

«ቀበሮ ነዋ! ውሻ ያለበት ቀበሮ አይደፍርም።»

ለካ ጎረቤቶቿን መርጣ ነው የሰፈረችው፤ የሰንሰለታቸውን ርዝመት የለካች ይመስል፣ ከማይደርሱባት ጥግ።

ሃያ ደቂቃ ገደማ ቆይታ በእግሯ እየተንገዳገደች መጣች። ላባውን በመንቆሯ ገለጥ አድርጋ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ባልዲዬን በጓሮ በር ዞሬ ነበር የማወጣው። ጓንቱን ሦስቴ አጠብኩት፤ ሽታው አልለቅ ሲለኝ ጣልኩት።